የሉኩ ጀርባ

ጠቅላይ ግዛቱ በተመሠረተ በመቶ ዘጠነኛው ዓመት፣ በሰኔ ወር በሁለተኛው ሰኞ፣ ከጧቱ በሦስት ሰዓት፣ ከመናገሻው ከተማ የተላከው ልዑክ በሁለት ፈረስ በሚሳብ ጋሪ መጥቶ ከገዥው ግቢ ደጃፍ ወረደ፤ ወርዶም የኮቱን አቧራ አራገፈ፤ የጫማውን ጭቃ በደረጃው ጠርዝ ላይ ጠረገ፤ ከዚያም የመዝገብ ቤቱ በር የትኛው እንደ ሆነ ዘበኛውን ጠየቀ። ገዥው በዚያ አልነበሩም፤ ከሥልጣናቸው ከተነሡ ሰባተኛ ቀናቸው ነበርና ዕቃቸውን አስጭነው ሄደዋል። በግቢው የቀሩት ዘበኛው፣ በገዥው ወንበር ላይ መተኛት የጀመረች አንዲት ድመት፣ እንዲሁም ከስፍራቸው ንቅንቅ የማይሉት የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ።

ሹሙ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከዚህም ውስጥ ሠላሳ ስምንቱን ያሳለፉት ሁለት ጠባብ መስኮት ባላት፣ ክረምት ከበጋ ሻጋታ በምትሸት በዚያች ረጅም ክፍል ውስጥ ነው። ከተማው በስማቸው አይጠራቸውም፤ “አይጠፋም” ይላቸዋል። አንድ ባለጉዳይ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ መጥቶ የአያቱን የወሰን ፍርድ ወይም የእናቱን የጋብቻ ውል ሲጠይቅ፣ ሹሙ ከመነጽራቸው በላይ አየት ያደርጉትና “አይጠፋም” ብለው ይነሣሉ፤ እውነትም አይጠፋም ነበር። ታመው የቀሩ ቀን ቀልደኞች “ዛሬ አይጠፋም ጠፉ” እያሉ ይሳሳቃሉ።

ልዑኩ ዕድሜው ከሠላሳ ብዙ አያልፍም፤ ዓይኑ ግን በመንገድ ብዛት ደም ለብሷል።

“ክቡር ሹም፣” አለ፤ “ይህ የማፈርሰው አራተኛው ግዛት ነው። አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን ይሰጡኛል። ስለዚህ እርስ በርሳችን ባንደካከም ደስ ይለኛል።”

“እኔ ቀድሞም ደክሜአለሁ፤ በዚያ በኩል አይሥጉ” አሉ ሹሙ፤ ወንበርም ሳቡለት።

ልዑኩ አዋጁን አነበበ። ጠቅላይ ግዛቱ ከእንግዲህ የለም፤ በስፍራው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀጣና የሚባሉ ሦስት ክፍሎች ይቆማሉ፤ መዝገቡም በአርባ ቀን ውስጥ ለሦስቱ ተከፋፍሎ ይላካል። ከተማዋ የደረሳት ሁለተኛው ቀጣና ነበር። ሕዝቡ ይህን በአደባባይ ሲሰማ አልጮኸም፤ “እንደ እስረኛ በቁጥር ሊጠሩን ነው” ተባባለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልዑኩ ያነበበውን አጥፎ ወደ ኪሱ ከተተ፤ ቀጥሎም የጠቅላይ ግዛቱን ማኅተም ከነሣጥኑ ተረከበ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ማኅተም የጸና ግልባጭ ለማንም መስጠት ተከለከለ።

“አንድ ችግር አለ” አሉ ሹሙ፤ ተነሥተውም አንድ ወፍራም ጥራዝ ከመደርደሪያው አውርደው በፊቱ ከፈቱለት። “በዚህ ቤት ጀርባው ባዶ የሆነ ሉክ ወረቀት የለም።”

ነገሩ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ገዥ ዘመን፣ መንገድ በጦርነት ተዘግቶ ወረቀት እንደ መድኃኒት በጠፋ ጊዜ፣ “ፊቱ ሲሞላ ገልብጡና ጻፉ” የሚል ትእዛዝ ወጣ። የወረቀቱ እጦት በአሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ። አንድ ጉዳይ በሉኩ ፊት ላይ ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለጉዳይ ከየትም ይምጣ ከየት ጀርባው ላይ ይጻፋል፤ ሉኮቹም በመጡበት ተራ እየተሰፉ ጥራዝ ይሆናሉ። ከመዝገብ ቤቱ የወጣው ልማድ ወደ ቤትም ገባ፤ ኮቱ ያለቀበት ሰው አስፈትቶ በውስጥ በኩል ያስገለብጠዋል፤ በሩ የተበላበት ነቅሎ ጀርባውን ወደ ውጭ ያዞረዋል። የጎረቤት ግዛት ሰዎች “እነዚያ ጥላቸውንም ገልብጠው ይለብሳሉ” እያሉ ያሙአቸው ነበር፤ እነርሱም ሐሜቱን እንደ ምስጋና ይቀበሉታል።

ልዑኩ ሉኮቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ፤ በፊቱ ላይ የላይኛው አገር የድንበር ክርክር፣ በጀርባው ላይ የከተማ ጋብቻ፤ በፊቱ የሸለቆው ሰው ኑዛዜ፣ በጀርባው የሌላ አገር የፈረስ ሽያጭ።

“እንግዲህ ሉኩ ፊቱን ይከተል” አለ በመጨረሻ። “ፊቱ ወደ ሄደበት ቀጣና ጀርባውም ይሂድ።”

“የጀርባው ባለጉዳይ የሌላ ቀጣና ሰው ቢሆንስ?”

“የእሱ ቀጣና በደብዳቤ ያስመጣለት።”

“ሁሉም ሳይነካ በአንድ ስፍራ ቢቀመጥና ሦስቱም እየመጡ ቢያዩትስ?”

“ክቡር ሹም፣ አዋጁ ሦስት ይላል፤ አራተኛ ስፍራ አይልም። እኔ አዋጅ አልጽፍም፤ ተሸክሜ እዞራለሁ እንጂ።”

ሹሙ መከራከር ሰለቻቸው፤ ግን አንድ ነገር ለመኑ። በየሉኩ ራስ ላይ ከየትኛው ጥራዝ እንደ ተፈታ ይጻፍበት፤ በመጀመሪያ የጠቅላይ ግዛቱ ስም፣ ቀጥሎ የጥራዙ ቁጥር፣ ቀጥሎ የሉኩ ቁጥር፤ አንድ ዝርዝርም በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ ለሦስቱ ቀጣናዎች ይሰጥ።

“የፈረሰ ግዛት ስም ይጻፍ ነው የሚሉኝ?” አለ ልዑኩ።

“ስም ብለው አይውሰዱት፤ ቁጥር ነው። ያለ እሱ ማንም ፈልጎ አያገኝም።”

ልዑኩ ዓይኑን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፤ “ቁጥር ከሆነ ይጻፉ” አለ።

ሥራው በማግስቱ ተጀመረ። ሦስት ሣጥኖች በግድግዳው ሥር ተደረደሩ፤ በኖራም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ተጻፈባቸው፤ የሞላው ሣጥን ወዲያው እየታሸገ ወደ ቀጣናው ይላካል፤ ባዶም ይተካበታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥራዞቹን የሰፋችው ጠራዥ፣ ባሏ የሞተባት የሃምሳ ዓመት ሴት ነበረች፤ አሁን በዚያው ወንበር ተቀምጣ፣ በምላጭ የገዛ ስፌቷን ትተረትር ጀመር። ሹሙ ሉኩን ይቀበላሉ፤ ፊቱን ያነብባሉ፤ ቁጥሩን ይጽፋሉ፤ ወደ ሣጥኑ ይከትታሉ። በቀን አራት ጥራዝ ያልቃል፤ እነርሱም አብረው ያልቃሉ።

“እኔ እኮ ለዘላለም ብዬ ነበር ክሩን በሰም የማሸው” አለች ጠራዧ አንድ ቀን። “ጥርስ ቢሆን ይህን ጊዜ ተነቅሎ ነበር።”

“ቀስ ብለሽ፤ ወረቀቱን እንዳትነኪው።”

“ነካሁት አልነካሁት፣ ለሦስት የተካፈለ በሬ ቆዳው ለማን ይተርፋል? እርስዎስ የት ቀጣና ሊመደቡ ነው ጌታዬ?”

“አልነገሩኝም። አንቺስ ምረጪ ቢሉሽ?”

“ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል” አለችና ክሩን ሳበችው።

ሥራው በተጀመረ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የሹሙ ታላቅ እኅት ወደ መዝገብ ቤቱ መጡ። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጧቸዋል፤ እናታቸው በሞተች ጊዜ አዝለው ያሳደጓቸው እርሳቸው ናቸው፤ ባል አግብተው ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው ሞቶ፣ ኮት እየገለበጡ በመስፋት በአባታቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ያን ቀን ግን ወደ ወንድማቸው ጠረጴዛ አልቀረቡም፤ በባለጉዳዮች አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

“እትዬ፣ ምነው ከዚያ ተቀመጡ?” አሉ ሹሙ ደንግጠው።

“ባለጉዳይ ሆኜ ነዋ የመጣሁት። የአጎታችን ልጅ ከሶኛል።”

የአጎታቸው ልጅ ባለ ወፍጮ ነው፤ ወፍጮው ከእኅታቸው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል፤ ሁለተኛ መጅ ለመትከል ስፍራ ከጠበበው ዓመታት አልፈዋል። “ቤቱ የአያታችን እንጂ የአጎቴ ብቻ አልነበረም” ብሎ በአዲሱ የቀጣና ፍርድ ቤት ከሷል።

“እስከ ዛሬ ዝም ያለው የድሮዎቹ ዳኞች ነገሩን ስለሚያውቁ ነው” አሉ እኅታቸው። “አሁን ዳኛው ከሩቅ የመጣ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ብቻዬን ሆኜ ቢያየኝ ነው። ለሐምሌ ሃያ ቀጥረውኛል። ዋናውን ጽሑፍ አምጪ ብለዋል፤ አባባ የሰጡኝን፣ አንተ የጻፍከውን።”

ሹሙ ከልማዳቸው የተነሣ “አይጠፋም” ለማለት አፋቸውን ከፍተው መልሰው ገጠሙት። ያ ቀን ትዝ አላቸው። ሥራ በገቡ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አባታቸው ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ከልጃቸው ጠረጴዛ ፊት ቆመው፣ ቤቱን ለሴት ልጃቸው በደስታ መስጠታቸውን እየተናገሩ አስጻፉ። ከመጀመሩ በፊት ግን ሽማግሌው ሉኩን አይተው “አዲስ ወረቀት የለም ወይ ልጄ?” ብለው ነበር። አዲስ ወረቀት በመሳቢያው ውስጥ ሞልቷል። ወጣቱ ጸሐፊ ግን ደንብ አዋቂነቱን ለአባቱ ለማሳየት ፈልጎ “ጀርባውም ወረቀት ነው አባባ” አለ፤ አባትዬውም “እሱስ እውነት ነው” ብለው ሳቁና አውራ ጣታቸውን በቀለም አጥቅሰው አተሙ።

“ስልሳ አንደኛው ጥራዝ ውስጥ አለ” አሉ ሹሙ። “ነገር ግን ጀርባ ላይ ነው።”

“ጀርባ ላይ ቢሆንስ?”

ስለ አዲሱ ደንብ አስረዷቸው። እኅታቸው አዳመጡ፤ ከዚያም ሦስቱን ሣጥኖች ተራ በተራ ተመለከቱ።

“ፊቱ የማን ነው?”

“አላስታውስም፤ ጥራዙን ልዑኩ አሽጎበታል፤ ተራው ሳይደርስ አይከፈትም። የከተማችን ሰው ጉዳይ ከሆነ ሁለተኛው ሣጥን ይገባል፤ ምንም አይሆንም።”

“ካልሆነስ? አንተ መስክርልኝ።”

“የሥጋ ዘመድ ምስክርነት አይቀበሉም እትዬ። ግልባጭ እንዳልሰጥዎም ማኅተሙን ወስደውታል።”

እኅታቸው ከአግዳሚው ተነሡ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል” አሉ ረጋ ብለው። “ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። አሁን የምለምንህ አንድ ሉክ ነው፤ የምታስቀምጠውም በገዛ እጅህ ነው።” መልስም ሳይጠብቁ ሄዱ።

ስልሳ አንደኛው ጥራዝ ተራው የደረሰው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ግድም ነበር። ሁለት መቶ አራተኛው ሉክ እጃቸው ላይ ሲደርስ ሹሙ በመጀመሪያ ያዩት ጀርባውን ነው፤ የአባታቸው የአውራ ጣት አሻራ እንደ ትናንት ደምቆ ቆይቷቸዋል። ገለበጡት። ፊቱ ላይ የተጻፈው የላይኛው አገር ሰው ጉዳይ ነበር፤ አንድ ግንበኛ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን የሦስት ወር ሕፃን “የአብራኬ ክፋይ ነው፤ ስሜም ርስቴም ይድረሰው” ብሎ በሦስት ምስክር ፊት አስጽፏል። የላይኛው አገር የደረሰው ለአንደኛው ቀጣና ነው። የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል።

ጠራዧ የያዘችውን ምላጭ አስቀመጠች። የእኅታቸውን ንግግር ያን ዕለት ሰምታለች፤ የጥራዙንም ቁጥር አልረሳችም።

“ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ ልጠጣ ልሂድ” አለች። “እኔ ውሃ ስጠጣ ደግሞ እቆያለሁ። ስመለስ ያየሁት ነገር የለም።”

ሹሙ ብቻቸውን ቀሩ። ሉኩን ሁለተኛው ሣጥን ውስጥ ለመጣል ሁለት እርምጃ ይበቃ ነበር፤ ማንም አይጠይቅም፤ ልዑኩም በዚያን ጊዜ በገዥው ክፍል ጭንቅላቱን በክንዱ ላይ ጥሎ ያንቀላፋ ነበር። እኅታቸው የተቆረጠ ቀጠሮ አላቸው፤ ያ ሕፃን ግን ዛሬ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው፤ ሞቶም ሊሆን ይችላል፤ ርስቱንም ያለ ክርክር ወርሶ ይህን ወረቀት ዕድሜ ልኩን ላይፈልገው ይችላል። ሹሙ ይህን ሁሉ አሰቡ፤ እውነት መሆኑንም አመኑበት፤ ወደ ሁለተኛውም ሣጥን ሄደው ጎንበስ አሉ። እዚያ እንዳሉ ግን አንድ ሐሳብ ያዛቸው። እኅታቸው ቢያንስ ወረቀታቸው የት እንዳለ የሚያውቅ ወንድም በመዝገብ ቤት አላቸው፤ ያ ሕፃን ማንም የለውም። ሉኩ ከዚህ ከገባ በዝርዝሩ ላይ ከአንደኛው ቀጣና ሥር አይጻፍም፤ ሰውዬውም ይህን ከተማ ጨርሶ አያስበውም፤ ሲፈልግ ይኖራል። ሹሙ ቀና ሲሉ ወገባቸው አመማቸው። በሉኩ ራስ ላይ የጠቅላይ ግዛቱን ስም፣ ስልሳ አንድ፣ ሁለት መቶ አራት ብለው ጻፉና አንደኛው ሣጥን ውስጥ አኖሩት። በጠረጴዛቸው ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

ጠራዧ ተመልሳ ሁለተኛውን ሣጥን አየች፤ ቀጥሎ አንደኛውን አየች፤ ምላጯንም አንሥታ መተርተሯን ቀጠለች።

ያንኑ ዕለት ሹሙ፣ ሣጥኑ እንደ ደረሰ ሉኩ በአስቸኳይ ተመልሶ እንዲላክ ለአንደኛው ቀጣና መዝገብ ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ ፀሐይ ሳትገባም ወደ እኅታቸው ቤት ሄደው የሆነውን ሳይደብቁ ተናገሩ። ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው ይጮሃል።

“ፊቱ የማን ሆነ?” አሉ እኅታቸው።

“የአንድ ሕፃን።”

“በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሕፃን?” ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ግን አልሆነላቸውም። “ለእሱ አሰብክለት። መልካም። እኔስ የማን ነኝ?”

“ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ሉኩ ይደርሳል” አሉ ሹሙ።

አልደረሰም። የአንደኛው ቀጣና አዲስ ቢሮ ጣሪያው አላለቀም ነበርና ሣጥኖቹ በፈረስ ጋጥ ውስጥ ተቆልለው ከረሙ፤ የሹሙም ደብዳቤ ሳይከፈት በሚስማር ተሰቅሎ ቆየ። ፍርድ ቤቱ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጠሮ አራዘመ። ሹሙ በጋሪ ሁለት ቀን ተጉዘው ሄዱ፤ የጋጡ በር ተቆልፏል፤ ቁልፉ የሚሰጠው ሹምም ገና አልተሾመም። በቁልፉ ቀዳዳ ሣጥናቸውን አይተው ተመለሱ። በነሐሴ አሥራ አምስት ዳኛው ዋናው ጽሑፍ አልቀረበም ሲሉ ቤቱን ለባለ ወፍጮው ፈረዱ። ሉኩ የተገኘው ከፍርዱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ይግባኝ እንዳይባል፣ ይግባኝ ሰሚው የጠቅላይ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበርና ከግዛቱ ጋር ፈርሷል፤ ምትኩ እስኪቋቋም ድረስ አራት ዓመት አለፈ፤ እስከዚያም ግድግዳው ተነቅሎ እኅታቸው በሚተኙበት ስፍራ ሁለተኛው መጅ ይዞር ነበር። “በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል” ይባላል፤ ሹሙም ለባለጉዳይ ሁሉ ሲሉት የኖሩት ነው። ከዚያ በኋላ ከአፋቸው አልወጣም።

እኅታቸው የስፌት መኪናቸውንና አንድ ሣጥን ይዘው ወደ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ሹሙም ከሦስቱ ቀጣና ለአንዱም አልተመደቡም፤ በጡረታ አሰናበቷቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሩ፤ ምግባቸውን አብረው ይበላሉ፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ጎረቤት ይነጋገራሉ፤ ስለ ሉኩ ግን አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። እኅታቸው አልወቀሷቸውም፤ ቢወቅሷቸው ይቀልላቸው ነበር። ማታ ማታ መኪናው ሲቆም የሚመጣው ዝምታ ለሹሙ ከወፍጮው ጩኸት የከፋ ሆነባቸው።

በዚህ መካከል በአገሩ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ፊቱ እዚህ፣ ጀርባው እዚያ የቀረበት ሰው ብዙ ነበርና፣ ከዚያ በፊት ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቀው ሁሉ በቁራሽ ወረቀት ላይ ቁጥር አጽፎ ከቀጣና ቀጣና ይመላለስ ጀመር። በመንገድ ዳር ማደሪያዎች የላይኛው አገር ሰው ከሸለቆው ሰው ጋር ተጋፍቶ ያድራል፤ “አንተስ የትኛው ጥራዝ ነህ?” ይባባላል። ቁጥሩም የሚጀምረው በጠቅላይ ግዛቱ ስም ስለ ሆነ፣ በሦስቱም ቢሮ መስኮት ላይ ያ የፈረሰ ስም በየቀኑ ይጠራ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው የሹሙን በር አንኳኳ። አርባን ያለፈ፣ እጁ በኖራ የነጣ፣ የኮቱ ክርን የተበላ ሰው ነው።

“አይጠፋም የሚባሉት እርስዎ ነዎት?” አለ፤ ቶሎም አፈረ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፤ ሌላ ስም አልነገሩኝም።”

“ነበርኩ” አሉ ሹሙ፤ አስገቡትም።

እንግዳው ሳይቀመጥ ጉዳዩን ተናገረ። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ እሱም ግንበኛ ነው። አባቱ አምና ሲሞት የአባቱ ልጆች “አንተ የእኛ አይደለህም” ብለው ከቤት አስወጡት፤ በሐዘኑ ድንኳን እንኳ እንዳይቀመጥ ከለከሉት። ወደ አንደኛው ቀጣና መዝገብ ቤት ሄደ፤ ተስፋ አልነበረውም፤ ጸሐፊው ግን ዝርዝሩን አይቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአባቱን ቃል አውጥቶ አነበበለት።

“ርስቱ ይቅር አባባ” አለ። “ልጄ ነው ብሎ መጻፉን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን በአፉ ብሎኝ አያውቅም። ይህን ያስቀመጠው ማነው ብዬ ጠየቅሁ፤ እርስዎን ነገሩኝ። ሁለት ቀን የተጓዝኩት እጅ ልነሣ ብቻ ነው።”

ሹሙ ወደ እኅታቸው ለማየት አልደፈሩም። እኅታቸው በመስኮቱ አጠገብ ከመኪናቸው ላይ ቀና ብለው እንግዳውን ይመለከቱ ነበር።

“ቁጥሩ ስንት ነው?” አሉት።

እንግዳው እንደ ጸሎት በቃሉ ይዞት ኖሮ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ስም ጠራ፤ ስልሳ አንድ አለ፤ ሁለት መቶ አራት አለ።

እኅታቸው እግራቸውን ከመኪናው መርገጫ አነሡ። “ጀርባውንስ አይተኸዋል?”

“እንዴት አላይም እሜቴ? የእኛ አገር ሰው ወረቀት ሳይገለብጥ ያድራል? የአንዲት ሴት ቤት ነው፤ አባቷ የሰጧት። ‘ማንም ሳያስገድደኝ በደስታ ሰጥቻለሁ’ ይላል። ሁለቱም አባቶች በአንድ ወረቀት ላይ መሆናቸው ደስ አለኝ። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በቤቷ ደኅና ትኖር ይሆን እያልኩ አስባለሁ።”

ሹሙ የወንበራቸውን ክንድ ጨብጠው ያዙ።

“ጀርባው እኔ ነኝ” አሉ እኅታቸው።

እንግዳው መጀመሪያ አልገባውም፤ ዞር ብሎ ሹሙን አየ፤ የሹሙን ፊት ሲያይ ግን ሁለት ሽማግሌዎች የሚኖሩባትን ጠባብ ቤት፣ በጥግ የተቀመጠውን ሣጥንና መኪና ተመለከተና ነገሩ ገባው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያዘ።

“ተቀመጥ” አሉት እኅታቸው። “ክርንህ ተበልቷል። ኮትህን አውልቀው፤ ልገልብጥልህ።”

“እሜቴ፣ እኔ እኮ...”

“አውልቀው ልጄ። ውስጡ ገና አዲስ ነው።”

አውልቆ ሰጣቸው። እኅታቸው ስፌቱን በምላጭ ይተረትሩ ጀመር፤ ክር በመርፌ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ዓይናቸው ደክሟልና መርፌውን ለወንድማቸው ዘረጉላቸው። ሹሙ ክሩን በምራቃቸው አርሰው አስገቡና መለሱ።

“አልጠፋም እኮ” አሉ እኅታቸው፤ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ነገር ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነበር። ሹሙ መነጽራቸውን አውልቀው፣ በእንግዳው ፊት ሳያፍሩ አለቀሱ።

የዘመኑ ታሪክ አዋጁን ከነቀኑ መዝግቦታል፤ የልዑኩም ስም “በጥቂት ጊዜ ሥራውን ያጠናቀቀ” ተብሎ በአንድ ሪፖርት ላይ ይገኛል። ስለ መዝገብ ቤቱ ሹምም ሆነ ስለ ጠራዧ የተጻፈ ቃል የለም። ሦስቱ ቀጣናዎች ራሳቸው ከጊዜ በኋላ ፈርሰው ሌላ ስም፣ ቀጥሎም ሌላ ስም ተሰጣቸው፤ ያን ሁሉ ስም ዛሬ በቅጡ ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው አይገኝም። በዚያ አገር ግን ሰው “ከወዴት ነህ?” ሲባል አሁንም የድሮውን ይጠራል፤ ጸሐፊዎቹም “በአንድ ገጽ ብቻ ይጻፍ” የሚል ትእዛዝ የታተመበትን ወረቀት ፊቱ ሲሞላ ገልብጠው ይቀጥሉበታል። ሁለት መቶ አራተኛውም ሉክ ከሣጥን ወደ ሣጥን እየተዛወረ እስከ ዛሬ አለ፤ ፊቱ ላይ አንድ ሕፃን አባት ያገኛል፤ ጀርባው ላይ አንዲት ሴት ቤት አላት።